ካርቶኑ ላይ «5000 ዋት» የሚለውን ሳብዉፈር ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባውን አዙሩት

ለሳሎናችሁ ሳብዉፈር ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ብሩን ከመቁጠራችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። መርካቶም ግቡ ሜክሲኮ፣ ባለ ቀለም መብራት፣ ባለ ብሉቱዝና ባለ ሪሞት «ሆም ቴአትር» ተደርድሮ ይጠብቃችኋል። ካርቶኑ ላይ 3000፣ 5000፣ ሲብስም 12000 ዋት ይላል። በቤታችን የ220 ቮልት መስመር 5000 ዋት ለመሳብ ወደ 23 አምፔር ያስፈልጋል። የእንጀራ ምጣድ እንኳ ይህን ያህል አይስብም፤ ለምጣዱ ደግሞ ወፍራም ገመድ ለብቻው ይዘረጋለታል። ይኼኛው የሚመጣው በቀጭን የሬዲዮ ገመድ ነው። ሌላ ምርመራ ሳያስፈልግ ገመዱ ብቻ ውሸቱን ያጋልጣል።

ማታለያው «ፒኤምፒኦ» ይባላል። ለቅጽበት ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ጉልበትን ፋብሪካው በፈለገው መጠን የሚያባዛበት፣ ወጥ መለኪያ የሌለው ቁጥር ነው። መጠየቅ ያለባችሁ «አርኤምኤስ»ን ነው፤ ማለትም ሳጥኑ ሳያቋርጥ ሊያወጣው የሚችለውን ኃይል። ችግሩ እሱም ካርቶን ላይ እንደልብ ይጻፋል። ስለዚህ ዕቃውን አዙሩትና ጀርባው ላይ ያለችውን ትንሽ ታርጋ አንብቡ። «220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 40 ዋት» ካለች፣ ከሶኬት የሚስበው ያንን ነው። ከሚስበው በላይ ሳያቋርጥ ሊያወጣ አይችልም። በትራንስፎርመር የሚሠራው የቆየው ዓይነት አምፕ (የድምፅ ማጉያ ክፍል) ደግሞ ከሚስበው ውስጥ ወደ ስፒከሩ የሚያደርሰው ግማሹን ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይበተናል። ክላስ ዲ የሚባለው አዲሱ ዓይነት ከ80 በመቶ በላይ ያደርሳል።

አንዳንድ አምራቾች ታርጋው ላይ አማካይ ፍጆታን ብቻ ስለሚጽፉ ፊውዙንም እዩ። አብዛኛውን ጊዜ መጠኑ ከመያዣው አጠገብ ተጽፏል። 0.5 አምፔር ከሆነ 0.5 በ220 ሲባዛ 110 ነው፤ ሳጥኑ በአፉ 5000 ቢልም ከ110 ዋት ብዙም ሳይርቅ ፊውዙ ይቃጠላል። «ፊውዙን በትልቅ ቀይሬልሃለሁ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ዕቃውን አስቀምጡና ውጡ። ፊውዙ ካልተቃጠለ የሚቃጠለው ትራንስፎርመሩ ነው።

በአዳፕተር የሚሠሩት ትንንሾቹ ደግሞ የራሳቸው ሒሳብ አላቸው። 12 ቮልት የሚገባው አምፕ በ4 ኦም (የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ) ስፒከር ላይ ድምፁ ሳይሰነጠቅ የሚያወጣው ቢበዛ 18 ዋት ገደማ ነው፤ ቮልቴጁን በራሱ ሲባዛ ወስዳችሁ ለ8 ብታካፍሉ ታገኙታላችሁ። ሳጥኑን በካቻቢቴ የመክፈት ዕድል ካገኛችሁና ውስጡ አንድ ነጠላ ቲዲኤ 2030 ቺፕ ካያችሁም አትደነቁ፤ እሱም በጥሩ ሁኔታ ከ14 እስከ 18 ዋት ነው። ቺፑ መጥፎ አይደለም፤ ለትንሽ ክፍል ይበቃል። መጥፎው ለ18 ዋት የ5000 ዋት ዋጋ መክፈል ነው።

ወደ ስፒከሩ እንምጣ፤ ባስ የሚወለደው እዚህ ነው። «ባለ 8 ኢንች» የሚባለው ብዙ ጊዜ የሚለካው ከፕላስቲክ ጌጡ ጫፍ እስከ ጫፍ ነው። ሜትር ይዛችሁ ሂዱና የሚንቀሳቀሰውን ክፍል፣ ከነጠርዙ ጎማ፣ ለኩት። የእውነት 8 ኢንች ከሆነ ከ17 እስከ 18 ሳንቲሜትር ገደማ ይሆናል፤ 9 ሳንቲሜትር ገደማ ካገኛችሁ ባለ 4 ኢንች ነው። ልዩነቱ እጥፍ አይምሰላችሁ፤ የሚገፋው የአየር ስፋት በአራት እጥፍ ያንሳል። በዚያ ላይ ድምፁ በአንድ ኦክታቭ (የንዝረቱ ቁጥር በግማሽ) በወረደ ቁጥር፣ ለምሳሌ ከ80 ወደ 40 ኸርዝ፣ ተመሳሳይ ጩኸት ለማውጣት አራት እጥፍ ወደፊትና ወደኋላ መጓዝ አለበት። ባለ 4 ኢንቹ ያን ያህል መንገድ የለውም። ስለዚህ «20 ኸርዝ–20 ኪሎ ኸርዝ» የሚለው ጽሑፍ፣ አጠገቡ የዲሲቤል (የጩኸት መጠን መለኪያ) ልዩነት (ፕላስ ማይነስ 3 የመሰለ) ካልተጻፈበት፣ ዋጋ የለውም።

ፊት ለፊቱ ሦስት ስፒከር የደረደረ ሳጥን ካያችሁ እያንዳንዱን በጣታችሁ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ነክታችሁ ሙዚቃ አስከፍቱ። ጨርሶ የማይንቀሳቀስ ካለ ጌጥ ነው። እዚህ ላይ ግን አትቸኩሉ፦ ሽቦ የሌለው ግን በአየር ግፊት የሚንቀሳቀስ «ፓሲቭ ራዲየተር» የሚባል አለ፤ እሱ ሕጋዊ ሥራ ይሠራል። መለያው መንቀሳቀሱ ነው። ከኋላ ትልቅ የሚመስል ማግኔትም የፕላስቲክ ቆብ ሊሆን ስለሚችል ቁልፍ ወይም ካቻቢቴ አስጠጉበት።

ሳጥኑን በጣታችሁ አንጓ አንኳኩት። ከ12 እስከ 15 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ ደረቅና አጭር ድምፅ ይሰጣል፤ ፕላስቲክና ስስ ቺፑድ እንደ ባዶ ጣሳ ይጮኻል፣ ባሱን ትቶ ራሱ ይንቀጠቀጣል። ክብደት ብቻውን አያሳምናችሁ፤ ውስጡ ብረት መለጠፍ የቆየ ዘዴ ነው።

ሰልባጅ ከአዲሱ ይልቅ ጥሩ ዕቃ የሚገኝበት መንገድ ነው፤ ምናለሽ ተራ ድረስ ወርዶ የሚመርጥ ሰው የተሻለ ስፒከር ይዞ ሊወጣ ይችላል። ወጥመዱም ያለው ግን እዚያው ነው። በጣም የተለመደው ከሳውንድባሩ (ከቴሌቪዥን ሥር ከሚቀመጠው ረጅም ስፒከር) የተለየ ገመድ አልባ ሳብዉፈር ነው። መልኩ ያማረ፣ መብራቱም የሚበራ ይሆናል፤ ሻጩም «ይሠራል» ሲል መብራቱን ያሳያችኋል። የሚናበበው ግን ከራሱ ሳውንድባር ጋር ብቻ ነው፣ የድምፅ ማስገቢያ ቀዳዳም አብዛኞቹ የላቸውም፤ በስልክ ብሉቱዝም አይገኝም። ባሩ አብሮ ከሌለ አትንኩት። ሁለተኛው ከዲቪዲ ሆም ቴአትር የተነጠለ ሳብዉፈር ነው፦ ጀርባው ላይ የመብራት ገመድ የለውም፣ ሁለት ሽቦ ወይም ለየት ያለ ባለ ቀለም ሶኬት ብቻ ይወጣለታል። አምፕ ውስጡ የለም ማለት ነው። ብዙዎቹ 3 ኦም ስለሆኑ ለ4 ወይም ለ8 ኦም የተሠራ አምፕ ላይ ስትሰኩት አምፑን ያሞቁታል።

ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ታርጋው ላይ «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» ብቻ ይል እንደሆነ እዩ። እንዲህ ያለውን በቀጥታ ብትሰኩት ሲቃጠል ሰከንዶች ነው የሚፈጅበት። 100–240 ካለ ችግር የለም፤ 115/230 መምረጫ ካለው ከመሰካታችሁ በፊት 230 ላይ አድርጉት። 120 ብቻ የሆነውን ለመጠቀም ቢያንስ 300 ቪኤ (የትራንስፎርመር አቅም መለኪያ) የሆነ፣ ከባድ የብረት እምብርት ያለው ማውረጃ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ ዋጋውን ከሳብዉፈሩ ጋር ደምሩት። ለካውያና ለፀጉር ማድረቂያ የሚሸጡት ቀላል ኮንቨርተሮች ለድምፅ መሣሪያ አይሆኑም።

የመኪና ሳብዉፈር «1200 ዋት» ተብሎ በርካሽ ሲቀርብም ደስ አይበላችሁ። አምፑ በ12 ቮልት የሚሠራ ነው፣ 12 ቮልት 5 አምፔር አዳፕተር ደግሞ ሲሞላ 60 ዋት ነው። ስፒከሩ ብቻ ከሆነ ባለ ሁለት ኮይል (የውስጥ ሽቦ ጥቅል) መሆኑን አጣሩ፤ ሁለቱን 4 ኦም ኮይሎች ጎን ለጎን ካገናኛችኋቸው 2 ኦም ሆነው የቤት አምፕ ያቃጥላሉ፣ በተከታታይ ካገናኛችኋቸው 8 ኦም ይሆናሉ።

ለማንኛውም ያገለገለ ስፒከር ኦም የሚለካ ቴስተር ያዙ። 4 ኦም የተባለው ከ3.2 እስከ 3.8፣ 8 ኦም የተባለው ከ5.5 እስከ 7 ያነባል። ምንም ካላነበበ ኮይሉ ተበጥሷል። ኮኑን (የሚንቀሳቀሰውን ክፍል) በሁለት እጅ እኩል ጫን አድርጉ፤ ፈቅ ሲል የሚፋቅ ድምፅ ካለ ኮይሉ ከማግኔቱ ጋር እየተጋጨ ነው። ጠርዙ ስፖንጅ ከሆነ በጥፍር ነካ አድርጉት፤ በእርጅና የተበላው ይፈረፈራል። የጎማ ጠርዝ ይመረጣል።

ሱቅ ውስጥ ሻጩ የሚያስከፍተውን ዘፈን አትመኑ። ባሱ እስከ ጫፍ ተከፍቶ 100 ኸርዝ አካባቢ ሲጎርፍ ማንኛውም ሳጥን ደረት ይመታል። ስልካችሁ ላይ ነጻ የድምፅ ሞገድ ማመንጫ አፕ ጭናችሁ ሂዱ። የባስ ቁልፉን መሃል፣ ድምፁን ግማሽ ላይ አድርጉና 100፣ 80፣ 60፣ 50፣ 40 እያላችሁ ውረዱ። 60 ላይ ንጹሕ ሆኖ የሚሰማ ለዋጋው ጥሩ ነው፤ 50 ላይ ከደረሰ አትልቀቁት። ከ80 በታች ድምፁ ጠፍቶ ከቀዳዳው «ፉፉ» የሚል ነፋስ ብቻ ከቀረ ሳብዉፈር አይባልም። ከዚያ ድምፅ ሳይላክለት ጆሮ አስጠግታችሁ «እምም» የሚል ድምፅ ካለው ስሙ፤ በመጨረሻም አሥር ደቂቃ ያህል በሙዚቃ አስኪዱትና ጀርባውን ዳብሱ። የተቃጠለ ቫርኒሽ የሚሸት ትራንስፎርመር ይዞ ወደ ቤት አይኬድም።

ለ3 በ4 ሜትር ሳሎን፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥም ሆነ ሌላ ቦታ፣ የእውነት ባለ 6.5 ወይም ባለ 8 ኢንች ስፒከርና ከ30 እስከ 50 የእውነት ዋት ይበቃል። ዋቱ እጥፍ ቢሆን የሚጨምረው 3 ዲሲቤል ነው፤ ለዚያ ብላችሁ ብዙ ብር አትጨምሩ፣ ትልቅ ኮንና ወፍራም ሳጥን ላይ አውጡት። ቴሌቪዥናችሁ ኦፕቲካል መውጫ ብቻ ካለው፣ ሳብዉፈሩ ደግሞ ቀይና ነጭ ማስገቢያ ብቻ ካለው፣ በመሃል ትንሽ ዲጂታል ወደ አናሎግ መቀየሪያ መግዛት ግድ ነው፤ ሻጮች ይህን ቀድመው አይነግሯችሁም።

ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትውጡ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ጉድለት ያለበት ዕቃ ከሆነ ቅያሪ ወይም ገንዘብ የመጠየቅ መብትም ይሰጣችኋል። ደረሰኙ ላይ «ስፒከር» ብቻ ከተጻፈ ግን የትኛውን ዕቃ እንደገዛችሁ ማሳየት ይቸግራል፤ ሞዴሉና የሴሪያል ቁጥሩ ይስፈር። ሱቅ ከሌለው ሻጭ በስልክ ተቀጣጥራችሁ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ሶኬት ያለበት ቦታ ቀጥሩት፤ «ቤት ወስደህ ሞክረው፣ ካልሆነ ትመልሰዋለህ» ሲላችሁ ብሩን አትልቀቁ።