ጠያቂና አስታማሚ በበዛበት ዋርድ፦ ስለ ነርሶቹ ያለኝ አስተያየት

ከሎስ አንጀለስ አዲስ አበባ ደርሼ ስመለስ ለወዳጆቼ የምጽፈው አይጠፋም። የትኛው ሆቴል ይሻላል፣ መኪና የት ይከራያል፣ ጥርስ የት ይታያል የሚለውን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። የዚህ ጊዜው ግን ይለያል። እናቴ ወድቃ ዳሌዋ ስለተሰበረ፣ የእረፍቴ አብዛኛው ያለቀው በአንድ ትልቅ የመንግሥት ሆስፒታል የአጥንት ዋርድ ውስጥ ነው። ስለዚህ አስተያየቴ በዋናነት ስለዚያ ነው፤ በተለይ ስለ ነርሶቹ።

ሌላውን ቶሎ ልለፈው። በስልክ የሚጠሩት መኪኖች በጣም ረድተውኛል፤ ማታ ከሆስፒታል ስወጣ እንኳ ብዙ አላስጠበቁኝም። ቴሌብር ከሌላችሁ እንደ ደረሳችሁ ክፈቱ፤ ብዙ ክፍያ በእሱ ያልቃል። ሆስፒታሉ ውስጥ የጠፋ መድኃኒት ውጭ ግዙ ስትባሉ መጀመሪያ ከነማ መድኃኒት ቤትን ሞክሩ፣ ከብዙ የግል መድኃኒት ቤቶች ዋጋው ይሻላል። በቃ፣ ይኸው ነው።

የሆስፒታሉን ስም አልጠቅስም። በአሠራሩ ላይ ቅሬታ አለኝ፣ ቅሬታዬም የአንድ ሆስፒታል ብቻ አይመስለኝም።

እኔ ሎስ አንጀለስ ውስጥ የነርስ ረዳት ሆኜ እሠራለሁ። የተቆጣ ልጅ፣ የሚጮህ ባል፣ አልወጣም የሚል ጠያቂ በየጊዜው አያለሁ። እናቴ አጠገብ ቁጭ ብዬም ዓይኔ የሚያርፈው እዚያው ላይ ነበር። እነዚህ ወጣት ነርሶች እኛን፣ ቤተሰቦቹን፣ እንዴት ነው የሚችሉን?

በመጀመሪያ የጠያቂው ብዛት አለ። እኛ አገር የታመመ መጠየቅ ሲመቸኝ የሚባል ነገር አይደለም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እንደ ሃይማኖት ግዴታ ነው የሚያየው። ያልጠየቀ ይታማል። «ተኝቼ ዞር ብሎ አላየኝም» የሚል ቂም ስንቱን ዘመድ አለያይቷል። ስለዚህ የዕድሩ ሰው፣ ጎረቤቱ፣ የድሮ የሥራ ባልደረባው፣ የአክስት ልጅ ከነባሏ ሁሉም ይመጣል። ማንም ባዶ እጁን አይመጣም፤ ሙዝና ብርቱካኑ፣ ጁሱ፣ ምሳ ዕቃው ኮመዲኖው ላይ ይቆለላል። ብዙ አልጋ ባለበት አንድ ክፍል ውስጥ በየአልጋው ዙሪያ አምስት ስድስት ሰው ሲቆም፣ ነርሷ የመድኃኒት ጋሪዋን የምታሳልፍበት ቦታ ታጣለች።

ጥበቃዎቹ በር ላይ ቆመው «ሰዓት አልቋል!» እያሉ ይጮሃሉ። ሰሚ የለም። የማታዋ ሲስተር ግን ሌላ መንገድ ነበራት። በየአልጋው ዕድሜው ከፍ ያለውን ሰው ፈልጋ ጠጋ ትላለች። «አባባ፣ ቁስል ልናጥብ ነው፣ እማማ ሰው ፊት መገላለጡ ያሳፍራቸዋል። እርስዎ ከተነሱ ሌላው ይከተልዎታል» ትላቸዋለች። ሽማግሌው ወዲያው ይነሳሉ፣ «እግዜር ይማርዎት» ብለው ይመርቃሉ፣ ከኋላቸው ሁሉም ይወጣል። ማንም አልተባረረም፣ ማንም አልተዋረደም። እንዲህ ያለውን ዘዴ እኔ በሥራዬ ላይ ማንም አላስተማረኝም።

አስታማሚ ግን እንደ ጠያቂ አይደለም። እኔ በምሠራበት ቦታ ቤተሰብ እንግዳ ነው፤ መጥቶ ያያል፣ ይሄዳል። አገር ቤት ግን ቤተሰብ የዋርዱ ግማሽ ሠራተኛ ነው። የሚያበላው፣ የሚያጥበው፣ ሽንት የሚደፋው፣ ናሙና ይዞ ላቦራቶሪ የሚሮጠው፣ መድኃኒት የሚገዛው አስታማሚው ነው። ስለዚህ ነርሷ አስታማሚውን ብታስቀይመው ነገ የሚያግዛት የለም። ትቆጣጠረዋለች፣ ትለምነዋለች፣ ታስተምረዋለች፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ። ታናሽ እህቴን እናታችን ስትገለበጥ ትራስ በሁለቱ እግሮቿ መሀል መቀመጥ እንዳለበት፣ ጀርባዋ እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ጎኗን መቀየር እንደሚያስፈልግ ያሳየቻት ነርስ ናት። ከዚያም ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሳ «እስኪ አሳይኝ» አለቻት። እናቴ የአልጋ ቁስል ሳይዛት ወጥታለች።

ከቀዶ ጥገናው በፊት በነበረው ምሽት አክስቴ ጠበል ይዛ መጣች። ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም እንዳትቀምስ ታዟል። አክስቴ ግን ጠበል ምግብ አይደለም አለች፤ እምነቷ ነው፣ ለእህቷም ጨንቋታል። ድምፅዋ ከፍ እያለ ሄደ። ነርሷ ማሰሮ ነጥቃ ወይም «ክልክል ነው» ብላ ልትሄድ ትችል ነበር። እሷ ግን ቁጭ ብላ አስረዳቻት። ሆድ ውስጥ ውሃም ቢሆን ካለ፣ በማደንዘዣው እንቅልፍ ላይ ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባ ሊገባ ይችላል፣ ያ ደግሞ ሊገድል ይችላል። ቀጥላ «እማማ፣ ግንባራቸውንና እጃቸውን ይቀቧቸው፤ የሚጠጣውን ሲነቁ እኔው ራሴ አስታውስዎታለሁ» አለቻት። አክስቴ ቀባቻት፣ ጸለየች፣ ዝም አለች። ነርሷም ከቀዶ ጥገናው በኋላ መጠጣት ሲፈቀድ ቃሏን አልረሳችም።

ከሁሉ የከበደውን ያየሁት ግን በአጠገባችን አልጋ ነው። አንድ አባት ለኦፕሬሽን ተዘጋጅተው፣ ከማታ ጀምሮ ምንም ሳይቀምሱ ውለው፣ ከሰዓት በኋላ ተራዘመ ተባሉ። ድንገተኛ አደጋ መጥቶ የቀዶ ጥገና ክፍሉ ተይዟል። ይህ ለሁለተኛ ጊዜ ነው። ልጃቸው ትልቅ ሰው ነው፣ ከክፍለ ሀገር ሥራውን ትቶ ነው የመጣው። ያራዘመው ነርሷ አይደለችም፣ የወሰነውም ሐኪም እዚያ አልነበረም፤ ልጁ ግን የጮኸው እሷ ላይ ነው። «ሰው ሲሞት ነው የምትጠብቁት?» አላት፣ ጣቱን ዓይኗ ሥር አድርጎ። ክፍሉ በሙሉ ፀጥ አለ።

አልመለሰችለትም። እስኪጨርስ ጠበቀችው። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ «አባትህ አሁን ርቧቸዋል። መጀመሪያ አብረን እናብላቸው። ከዚያ አንተና እኔ ሐኪሙ ጋ እንሄዳለን» አለችው። ልጁ ሲንቀጠቀጥ ከቴርሞሱ አጥሚት ቀዳ። አባቱን አበላ። እሷም ለተተኪዋ ነርስ ሪፖርት የምታስረክብበት ሰዓት ደርሶ ሳለ ይዛው ሄደች፣ ተረኛው ሐኪም ፊት አቆመችው። ሲመለስ ቀን ተቆርጦለት ነበር። በማግስቱ «እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» ሲላት ሰማሁ፤ «ምንም አይደል፣ አባት እኮ ነው» አለችው፣ ሥራዋን ሳታቆም።

ካሊፎርኒያ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ሲያስፈራራ ነርሷ «ኮድ ግሬይ» ትጠራለች፤ በድምፅ ማጉያ ይነገራል፣ የጥበቃ ሠራተኞች ይሮጣሉ። ሆስፒታሎች ሠራተኛን ከጥቃት የሚከላከሉበት እቅድ በጽሑፍ እንዲኖራቸው፣ የደረሰውንም እንዲመዘግቡ ደንብ ያስገድዳቸዋል። በፈረንጆቹ 1999 በወጣው ሕግ መሠረት ደግሞ በእንደኛ ዓይነት ዋርድ አንድ ነርስ በአንድ ጊዜ ከአምስት ሕመምተኛ በላይ አትይዝም። እናቴ በተኛችበት ዋርድ ማታ ማታ አንዷ ነርስ የእኛንና የጎረቤቱን ክፍል ትይዝ ነበር። የድንገተኛ መጥሪያ የለም፣ መዝገብ የለም፣ ያላት ትዕግሥቷ ብቻ ነው። ጥበቃው በር ላይ ነው፣ ሥራውም ሰው እንዳይገባ መከልከል ነው። ደመወዙን ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ በ2017 ግንቦት የጤና ባለሙያዎች በዚሁ ጉዳይ ሥራ እስከማቆም ደርሰው ነበር።

ይህን ሁሉ ችላ «አንቺ እኮ ነርስ ብቻ ነሽ፣ ሐኪም ጥሪልኝ» የምትባል ሴት አየሁ። በጣም አናደደኝ። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ የመረጡት ሙያ ነው እኮ። ለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት ሆስፒታል ተምረው በነርስነት ተመርቀዋል። በ1934 በወጣትነታቸው ካረፉ በኋላ በስማቸው ሆስፒታል ተሠራ፣ የዛሬው የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ማለት ነው። የንጉሥ ልጅ ያላፈሩበትን ሥራ እኛ «ብቻ» የምንለው በምን አቅማችን ነው?

«ሐኪም ጥሪልኝ» ካሉት መካከል የባሰው ከእኛው ከውጭ አገር ሰዎች አንዱ ነበር። አጎቱን ሊጠይቅ መጥቶ፣ ከጠያቂ ሰዓት ውጭ ገብቶ፣ ስልኩን አውጥቶ ነርሷን ይቀርጻት ጀመር። «እኛ አገር ቢሆን ይሄኔ ተከስሰሽ ነበር» ይላታል። እሱ የሚኖርበት አገር ቢሆን ያለ ፈቃድ ዋርድ ውስጥ የሌላ ሕመምተኛ ፊት ቀርጾ በሰላም አይወጣም ነበር። ነርሷ ካሜራውን አልመታችም፣ አልተሳደበችም። አጠገቡ የተኛችውን ሴት አንሶላ አለበሰችና «ወንድሜ፣ እኔን ቅረጸኝ፤ እሳቸውን ግን አትቅረጽ» አለችው። ያኔ ነው የክፍሉ አስታማሚ ሁሉ ተነስቶ «ስልክህን አስገባ» ያለው። ወጥቶ ሄደ። ዶላር የምንልክ ሰዎች ይህን ልብ እንበል፤ የላክነው ገንዘብ ዋርድ ውስጥ በማንም ላይ ሥልጣን አይሰጠንም።

ሞትም አለ። ጥግ ላይ የነበሩ አንዲት እናት ሌሊት አረፉ። መርዶ እንዴት እንደሚነገር እናውቃለን፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ንጋት ላይ፣ ቀስ ተብሎ። ሆስፒታል ውስጥ ግን አስታማሚዋ ልጅ ብቻዋን ነበረች። ነርሷ እዚያው አልነገረቻትም። መጀመሪያ የቅርብ ዘመድ ስልክ ተቀብላ ደወለች፣ ሁለት ሰው እስኪመጣ ልጅቱን ከክፍሉ አውጥታ አጠገቧ ቁጭ አለች። ለቅሶው ሲነሳ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነበር፣ በራቸው ተዘግቶ። የቀሩት ሕመምተኞች ብዙዎቹ አልነቁም።

ሁሉም ነርስ እንዲህ ነው ብል ውሸት ይሆናል። የጠዋቷ አንዷ ቁጡ ናት። ቁጣዋ መድልዎ ባይኖረው እተወው ነበር። እኔ ስጠይቅ ትመልስልኛለች፣ ወንበርም ታስመጣልኛለች። ከገጠር የመጡት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው «ልጄ፣ የልጄ ነገር እንዴት ነው?» ሲሏት ግን «ቆዪ አልኩሽ!» ትላቸዋለች፤ በዕድሜ እናቷ የሚሆኑትን «አንቺ» ብላ። አስቸጋሪ የምትላቸው ቤተሰቦች ብዙ ጊዜ የሚጮሁት አልነበሩም፤ የማይገባቸውና ደጋግመው የሚጠይቁት ናቸው። ይህ መታረም አለበት፣ በሥራ ብዛት አይሸፈንም። ለዋርዱ ኃላፊ ተናግሬያለሁ፣ ሰምታኛለች።

ትልቁ ቅሬታዬ ግን በሆስፒታሉ አሠራር ላይ ነው። እኔ ካየኋቸው ጠቦች አብዛኞቹ የተነሱት ሰው ያልተነገረው ነገር ስለነበረ ነው። ኦፕሬሽኑ ለምን እንደተራዘመ፣ ቀጣዩ ቀን መቼ እንደሆነ፣ ሐኪሙ በስንት ሰዓት ራውንድ እንደሚያደርግ የሚናገር ማንም የለም። ያለችው ነርሷ ስለሆነች ሁሉም የሚወርደው እሷ ላይ ነው። ሐኪሞቹ ጠዋት ተሰብስበው ይመጣሉ፣ በእንግሊዝኛ ይነጋገራሉ፣ ይሄዳሉ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ «ምን አሉ?» የሚለውን ጥያቄ የምትመልሰው ነርሷ ናት።

ለምትሄዱ ሰዎች፣ የዋርዱ ኃላፊ ነግራን የሠራልንን ልንገራችሁ። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ምረጡ፤ ነርሶቹን የሚያናግረው እሱ ብቻ ይሁን፣ ለሌላው እሱ ይንገር። እኛ እህቴን መረጥን፣ ማታ ማታ በቴሌግራም ለሁሉም ትጽፍ ነበር፣ ካናዳ ላለው ወንድሜም ጭምር። ሪፖርት በሚለዋወጡበት ሰዓት ጥያቄ አትጠይቁ። ጠያቂውን በፈረቃ አድርጉት፣ የሰንበቴው ማኅበር ቅዳሜ፣ የሰፈሩ ሰው እሑድ እያላችሁ። ለነርሶች ስጦታ መስጠት ከፈለጋችሁ በግል እጅ አትስጡ፤ እኛ ስንወጣ ለዋርዱ ጓንት በካርቶን ገዝተን በሜትሮኗ በኩል አስረከብን፣ ከምንም በላይ ያ ጠቅሟቸዋል።

ለሜትሮኗ ደብዳቤም ጽፌያለሁ። የማታዋን ሲስተር በስም ጠቅሼ አመስግኛለሁ፤ ከማኅደሯ ጋር እንዲያያዝም ጠይቄያለሁ። ሁለተኛው ጥያቄዬ ለአስተዳደሩ ነው። የቀዶ ጥገና ተራ ሲራዘም ያራዘመው ሐኪም ራሱ ወይም የላከው ሰው፣ በዚያው ቀን፣ አልጋው አጠገብ መጥቶ ለቤተሰቡ በአማርኛ፣ አማርኛ ለማይችለውም በሚገባው ቋንቋ ይንገር። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። መልስ እየጠበቅሁ ነው፤ ሲመጣ እዚሁ እጽፈዋለሁ።