ሳነቲ ላይ ዲናሞው ሞተ፣ መኪናዬ ግን አልቆመችም

ላንድክሩዘር ሃርድ ቶፕ ከገዛሁ አሥራ አራት ወር ሆነኝ። ስለ እሷ ልጻፍ ብዬ ደጋግሜ አስቤ ትቼው ነበር። የሚጻፍ ነገር አልነበረማ። ጠዋት ትነሳለች፣ ትጭናለች፣ በሰላም ትመለሳለች። ባለፈው ወር ባሌ ውስጥ ሳነቲ ላይ የገጠመኝ ነገር ግን ዝም የሚያሰኝ አይደለም።

ሥራዬ ቡናና ማር ነው። ከደሎ መናና ከሐረና ጫካ ዙሪያ ገዝቼ አዲስ አበባ አመጣለሁ። ጎባን ካለፍን በኋላ መንገዱ ወደ ሳነቲ አምባ ይወጣል፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ከዚያ በጠመዝማዛው ቁልቁል ወደ ሐረና ይወርዳል። ከጎባ እስከ ደሎ መና መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ሰው የሚፈራው ግን ርቀቱን ሳይሆን ብርዱን፣ ጉሙንና ብቸኝነቱን ነው።

የዚያን ቀን ከእህቴ ልጅ ጋር ነበርኩ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ጅብራዎቹ መሀል ስንደርስ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይዋ የባትሪ መብራት ቦግ አለች። መጀመሪያ ደብዘዝ ብላ ነበር፤ ከዚያ ጨርሳ በራች። ዲናሞው ባትሪውን መሙላት አቁሟል ማለት ነው። ሆዴ ቡጭ አለ። ከፊት አንድ መኪና አይታይም፤ ከኋላም የለም። አንድ ቀይ ቀበሮ ብቻ ከመንገዱ ዳር ቆሞ አየን። ሌላ ጊዜ ቢሆን ወርጄ ፎቶ አነሳው ነበር።

ደግነቱ ኔትወርክ ነበር። አዲስ አበባ ያለው መካኒኬ ጋ ደወልኩ። ዕድሜ ጠገብ ሰው ናቸው፤ ከድሮዎቹ ላንድክሩዘሮች ጀምሮ ሲፈቱ ሲገጥሙ የኖሩ።

«ጋሼ፣ የባትሪ መብራቱ በርቷል። ሳነቲ ላይ ነኝ።»

«ሞተሯን እንዳታጠፊ የኔ ልጅ። ሙቀቱ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፤ መሀል ላይ ነው።»

«ቺንጊያው ይዞራል?»

የእህቴ ልጅ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። ይዞራል።

«በቃ ቺንጊያውን እንዳትነኩት። የፍሬኗ አጋዥ ፖምፓ ያለው ዲናሞው ጀርባ ላይ ነው፤ ዲናሞው ባይሞላም መዞር አለበት። ሬዲዮኑን አጥፊ፣ ማሞቂያውን አጥፊ፣ የስልክ ቻርጅ ንቀይ። ያቺ ሞተር ከባትሪ የምትፈልገው የናፍጣ መዝጊያዋን ከፍታ የምትይዝበትን ብቻ ነው። እሷ ደግሞ የምትበላው ትንሽ ነው። መና ድረስ ታደርስሻለች።»

እንዳሉኝ አደረግኩ። ስልኬን ከቻርጅ ነቀልኩ። ማሞቂያውን አጥፍተን በዚያ ብርድ ጋቢ ደራርበን ወረድን። ሐረና ስንገባ ጉሙ ጫካውን ሸፍኖት ነበር። መብራት የማበራው ጠመዝማዛው ላይ ብቻ ነው፤ ቀጥታው ላይ አጠፋለሁ። ሪራ የምትባለውን መንደር አለፍን። እያንዳንዷን ደቂቃ ሞተሩን እያዳመጥኩ ነው የነዳሁት። ድምፁ አንዴም አልተቀየረም። አመሻሹ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደሎ መና ገባን፤ ከሦስት ሰዓት ተኩል በኋላ ማለት ነው። ጋራዡ በር ላይ ደርሼ ሞተሩን ሳጠፋ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ባትሪው ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ የሚያዞር አቅም አልቀረውም። ሞተሩ ግን እዚያ ድረስ አደረሰን።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ወጣት መካኒክ ዲናሞውን ፈታው። ሃያ ሁለት ወይም ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ወደሚዞረው የዲናሞው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያሻግሩትን ሁለቱን ካርቦኖች አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። የጥፍሬን ያህል እንኳ አልቀሩም።

«እትዬ፣ ያለቀው ይሄ ብቻ ነው» አለኝ። «ዲናሞው ጤነኛ ነው።»

«እዚህ ይገኛል ወይ ወንድሜ?»

«የሷ የለም። ግን እንሠራዋለን።»

ከቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ የአይሱዙ ካርቦን አወጣ። ወፍራም ነበር። ከደጅ ለስላሳ ድንጋይ አመጣና ካርቦኑን እያሸ ያቀጥነው ጀመር። ትንሽ ያሸዋል፣ ማስገቢያው ውስጥ ከትቶ ይሞክረዋል፣ ያወጣዋል፣ እንደገና ያሸዋል። ጣቶቹ ጥላሸት መሰሉ። አራተኛው ሙከራ ላይ ካርቦኑ ሳይጠብቅና ሳይላላ በስፕሪንጉ ወደ ላይና ወደ ታች ተንሸራተተ። ሁለተኛውንም እንዲሁ አሽቶ ሽቦዎቹን በየደ፣ ዲናሞውን ገጠመ፣ ከሌላ መኪና ባትሪ አስነሳን። ቀይዋ መብራት ጠፋች። ሁሉም ነገር ከአንድ ሰዓት ተኩል አልበለጠም።

ያን ጊዜ ትዝ ያለኝ አዲስ አበባ ያለው የመኪና ሻጭ ነው። ይህችን ሃርድ ቶፕ ከመግዛቴ በፊት አንድ ሾው ሩም ገብቼ ነበር። ሻጩ ትልቅ ስክሪን ያለው አዲስ መኪና አሳየኝና «እህቴ፣ ሃርድ ቶፕ ለሴት ይከብዳል፤ ያረጀ ቴክኖሎጂ ነው» አለኝ። እስከዛሬ መልስ አልሰጠሁትም ነበር። አሁን ልመልስለት።

ወንድሜ፣ መሪዋ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ክንዴ ለምዶታል። አንተ ግን ያ ስክሪን ሳነቲ ላይ ቢጠፋ ማን እንደሚያበራልኝ አልነገርከኝም። ኮምፒውተር የሚያነብ ማሽን ከየት ላምጣ? «ያረጀ» ያልከው ነገር እኮ የደሎ መና ልጅ በድንጋይ የሚጠግነው ነገር ነው። እኔ ለዚህ ነው ገንዘብ የምከፍለው።

የዚያን ዕለት ማታ ደሎ መና አልጋ ይዤ ስለ መኪናዬ ታሪክ ሳነብ አመሸሁ። መካኒኩ በድንጋይ ለምን እንደሚጠግናት የገባኝ ያኔ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። የኮሪያ ጦርነት እየተካሄደ ጃፓን ውስጥ ጂፕ መሰል መኪና ተፈለገ። ቶዮታ የጭነት መኪናውን 3.4 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር ቤንዚን ሞተር ወስዶ ቢጄ የምትባል መኪና ሠራ። የብሔራዊ ፖሊስ ተጠባባቂው ኃይል ግን የመረጠው የዊሊስን ጂፕ ነበር። በዚያው ዓመት ኢቺሮ ታይራ የሚባል የሙከራ ሾፌር ቢጄን እየነዳ ፉጂ ተራራ ላይ ስድስተኛው ጣቢያ ድረስ ወጣ። ከዚያ በፊት መኪና እዚያ ደርሶ አያውቅም። ቢጄ በኋላ የፖሊስ መኪና ሆነች። ይህን ሳነብ የሳነቲን ዳገት አሰብኩ። ይቺ መኪና ከልደቷ ጀምሮ ፈተናዋ ተራራ ነበር።

«ላንድክሩዘር» የሚለው ስም የመጣው በ1954 ነው። መጀመሪያ የተጠራችበት ጂፕ የሚለው ስም ሌላ ባለቤት ስለነበረው የቶዮታው ሃንጂ ኡሜሃራ አዲስ ስም አወጣላት። በ1960 ባለ 40 ሴሪዋ መጣች፤ እስከ 1984 ተሠራች። ብዙ አባቶቻችን ላንድክሩዘር ሲሉ በዓይነ ሕሊናቸው የምትመጣው እሷ ናት።

ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው ወገን ወደ ምቾት ሄደ። በ1967 ባለ 55፣ በ1980 ባለ 60፣ ቀጥሎ ባለ 80 እያለ፣ በ1998 ባለ 100ዋ ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያያይዘውን ደረቅ አክስል ትታ ባለ ስምንት ሲሊንደር ቪ8 ሞተር ይዛ መጣች። በ2007 ባለ 200፣ በ2021 ባለ 300 ተከተሉ። እኛ አገር «ቪኤይት» ሲባል ባለሥልጣን ትዝ የሚለን ከዚህ ወገን ነው። የሚገርመው ባለ 300ዋ ራሷ ቪ8ቱን ትታ ወደ ቪ6 ወርዳለች።

ሁለተኛው ወገን እዚያው ሥራ ላይ ቀረ። የ40ዋን ቦታ በ1984 ባለ 70 ተረከበች፤ የኔዋ ሃርድ ቶፕ የዚህ ወገን ናት። በ1990 የገባው 1ኤችዜድ የሚባለው ሞተር 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ናፍጣ ነው። አየር በግፊት የሚያስገባለት ተርቦ የለውም። ናፍጣ የሚረጨው ፖምፓ በጥርስና በስፕሪንግ ይሠራል እንጂ በኮምፒውተር አይታዘዝም። በ1999 የፊት ባሌስትራዎቿ፣ ማለትም ተደራርበው የታሰሩት የብረት ስፕሪንጎች፣ በጥምዝ ስፕሪንግ (ሞላ) ተተኩ፤ የኋላዎቹ ባሌስትራ እንደሆኑ ቀሩ። የኔዋ የ2004 ሥሪት ናት፣ እንዲሁ ናት። በቅርቡ የወጡት ባለ 70ዎች 2.8 ሊትር ተርቦና አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላቸውም አሉ። ጥሩ መኪና እንደሆኑ አልጠራጠርም። እኔ ግን ያ ልጅ እነሱን በድንጋይ ይጠግናቸዋል ብዬ አላስብም።

ብዙ ሰው መኪና ማደግ ማለት መቀየር ይመስለዋል። የመኪናዬን ታሪክ ሳየው ግን ትልቁ ጥበብ ያለው ባልተቀየረው ላይ ነው። አንድ ሞተር ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲኖር መካኒኩ ያውቀዋል፣ የመካኒኩ ተማሪ ያውቀዋል፣ ሶማሌ ተራ መለዋወጫው ተከምሮ ይገኛል። እውቀቱ አገር ውስጥ ተዘርቶ በቅሏል።

ጉድለቷንም እናገራለሁ፤ የምወዳት መሆኔ እውነቱን አያስቀረውም። ሳነቲ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለሉ ጋር ሲነጻጸር በሲሶ ያህል ይሳሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ ያገኘውን አየር ብቻ ነው የሚስበው። ጭነት ይዛ ዳገት ስትወጣ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ታቃስታለች። ቸኩዬ ብቀድም ብዬ ሞክሬ አላውቅም። ናፍጣ ትወዳለች። ከኋላ ጎን ለጎን ያለው መቀመጫ ላይ ሁለት ሰዓት የተቀመጠ ሰው ወገቡን ይዞ ነው የሚወርደው። እናቴን አንድ ጊዜ ሻሸመኔ ድረስ ወስጃት «ልጄ፣ ሁለተኛ በዚህ አትጥሪኝ» ብላኛለች። ሌላው ደግሞ ሰው የሚረሳው ቫልቮቹ በሰዓታቸው እንዲከፈቱና እንዲዘጉ የሚያደርገው የታይሚንግ ቺንጊያ ነው። ጠንካራ ሞተር ነው ተብሎ ቸል ይባላል። ከተበጠሰ ግን ቫልቮቹ ይመታሉ፣ ወጪውም ከባድ ነው። እኔ የገዛኋት ከጨረታ ነው፤ ሻጩ ድርጅት መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ወረቀት አልሰጠኝም። ያን ጊዜ አጥብቄ መጠየቅ ነበረብኝ።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ወዳጆቼ «ሸጠሽ ኤሌክትሪክ ግዢ» ይሉኛል። ከተማ ውስጥ ብቻ ብነዳ ዛሬውኑ አደርገው ነበር። ወጪው ይቀንሳል፣ ጭስ የለም፣ ድምፅ የለም። ነገር ግን በኔ መንገድ ላይ እስከዛሬ አንድም ቻርጅ ማድረጊያ አላየሁም። ቻርጅ ማድረጊያው ሪራ ሲደርስ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።

የደሎ መናው ልጅ ሲጨርስ የጠየቀኝ ገንዘብ ስላነሰብኝ ጨመርኩለት። አልቀበልም ብሎ ብዙ ተከራከረኝ። በመጨረሻ የተቀበለው «ለሻይ» ስለው ነው። ተጨማሪ ያሸውን አንድ ካርቦን ደግሞ በወረቀት ጠቅልሎ «መጠባበቂያ» ብሎ ሰጠኝ። አሁን ከሊብሬዋ ጋር ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ነው ያለው። አዲስ አበባ ስመለስ ኦሪጅናሉን ካርቦን ገዛሁ፤ መካኒኬ ግን ዲናሞውን ከፍተው የልጁን ሥራ አይተው «ይሄ ምን ይቀየራል?» ብለው መልሰው ገጠሙት።

ከመስከረም በፊት የታይሚንግ ቺንጊያዋን አስቀይራለሁ። ቡናው ሲደርስ እንደገና ሳነቲን እንወጣለን።