ስቶክፊሽ ለጥልቀት ሙከራ፦ መብራት በሚቆራረጥበት ቤት ላለ አሮጌ ላፕቶፕ

የቼዝ ፕሮግራም አርቆ ባየ ቁጥር ምን ያህል እንደሚጠነክር መለካት ለሚሻ የደብረ ማርቆስ ወይም የፍኖተ ሰላም ተጫዋች ከስቶክፊሽ የተሻለ ምርጫ የለም። ነጻ ነው፤ አንዴ ከወረደ ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ በፍላሽ ይዞራል። ከሁሉ በላይ ግን ግጥሚያውን በሰዓት ሳይሆን በጥልቀት፣ ማለትም ስንት እርምጃ አርቆ እንደሚያይ በመወሰን፣ መገደብ ይቻላል። መብራት ጠፍቶ ላፕቶፑ በባትሪ ሲያዘግም የሚረዝመው ጊዜው ብቻ ነው፤ ውጤቱ አይዛባም። በሰዓት ቢሆን ኖሮ ማሽኑ ሲዘገይ ጥልቀቱም አብሮ ይወርድ ነበር።

ስቶክፊሽን ከራሱ ጋር እያጋጠመ ጨዋታውን የሚያስኬደው ኩትቼስ የተባለ ሌላ ፕሮግራም ነው። በትእዛዝ መስመር የሚሠራውን ይውሰዱ፤ ለአንዱ ወገን ጥልቀት 6፣ ለሌላው 8 ብሎ ለየብቻ ማዘዝ ያስችላል። ጥልቀት 1 የአንድ ወገን አንድ እርምጃ ነው። ሰዓቱ ገደብ የለሽ፣ ትሬድ (በአንድ ጊዜ ጎን ለጎን የሚሠራ የስሌት መስመር) 1፣ ሃሽ (ያሰላውን የሚያስቀምጥበት ማስታወሻ) ለሁለቱም እኩል ይሁን፤ 64 ሜጋባይት ይበቃል። የችሎታ ደረጃውን ከ20 አያውርዱ፤ ከወረደ ፕሮግራሙ ሆን ብሎ ደካማ እርምጃ ስለሚመርጥ የሚለካው ጥልቀት መሆኑ ይቀራል። ያለቁት ጨዋታዎች በፋይል እንዲቀመጡ ማዘዝዎን አይርሱ፤ ባትሪው ቢያልቅ እንኳ የተጫወቱት አይጠፋም።

ብዙ ሙከራ የሚበላሸው መክፈቻ ላይ ነው። በአንድ ትሬድና በቋሚ ጥልቀት ሁሌ ከመነሻው ከተጀመረ ያው ጨዋታ ይደጋገማል፤ 100 የተባለው በእርግጥ ሁለት ጨዋታ ነው። የተለያዩ መክፈቻዎች ያሉበት ፋይል ይስጡት፤ እያንዳንዱም ቀለም ተቀያይሮ ሁለት ጊዜ ይጫወት።

ውጤቱን ሲያነቡ አይቸኩሉ። ከ100 ጨዋታ 76 ነጥብ ወደ 200 የኤሎ (የተጫዋች ጥንካሬ መለኪያ ነጥብ) ልዩነት ነው። 55 ብቻ ከሆነ ግን አጋጣሚ ሊሆን ስለሚችል ጨዋታ ይጨምሩ። የኮምፒውተር ባለሙያው ኬን ቶምፕሰን በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ቤል በተባለው የቼዝ ማሽኑ ሲሞክር፣ በዝቅተኛ ጥልቀት አንድ እርምጃ መጨመር ወደ 200 ነጥብ ያህል ያስገኝ ነበር። ከፍ እያለ ሲሄድ ግን ጭማሪው ይሳሳል፣ አቻውም ይበዛል። ስለዚህ ለአሮጌ ላፕቶፕ ከ4 እስከ 12 ያለው ክልል በቂ ነው።

ጉድለትም አለው። ስቶክፊሽ «ጥልቀት 12» ሲል ሁሉንም መስመር እኩል አያይም፤ አንዱን ይቆርጣል፣ ሌላውን ያረዝማል። ከሌላ ፕሮግራም 12 ጋር ማነጻጸር ስሕተት ነው። በንጉሥና በወታደር መጨረሻም ጥልቀት 8 በቅጽበት ያልቃል፣ ፕሮግራሙም ጊዜ እያለው አርቆ ሳያይ ይሳሳታል። ይህን ለማቅለል ከጥልቀት ይልቅ በኖድ (ፕሮግራሙ በሚመረምረው የቦርድ አቀማመጥ) ብዛት መገደብ ይሻላል፤ እሱም እንደ ጥልቀቱ በማሽን ፍጥነት አይነካም።