ጣና ላይ አንድ ቀን፦ ዘጌ ወይስ ደቅና ዳጋ?

ጣና የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው። ቅልጥ ዐለት ፈስሶ የዓባይን መንገድ ሲዘጋው ውኃው እዚያው ተኛ። ችግሩ፣ ሐይቁ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአንድ ቀን ሁሉም አይዳረስም።

ዘጌ ቅርብ ነው፤ ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ። (ደሴት እንኳ አይደለም፣ ልሳነ ምድር ነው።) በቡናው ጫካ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ስትወጡ ጦጣዎች ከላይ ያዩአችኋል። ስትመለሱ ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት ጎራ በሉ። ጉማሬ የሚፈለገው እዚያ ነው። መጀመሪያ ጆሮ፣ ቀጥሎ አፍንጫ፣ ከዚያ ጥልቅ! ባለጀልባውን ግን «ትንሽ ጠጋ በልልን» አትበሉት። ግልገል ያላት ጉማሬ ቀልድ አታውቅም። ፔሊካንና የደንገል ታንኳ ደግሞ ምርቃት ናቸው።

ደቅና ዳጋ የተባሉት ደሴቶች ግን ሙሉ ቀን ይበላሉ። መሄጃው ብቻ ከሁለት ሰዓት በላይ ነው። ዳጋ ከውኃ ብቅ ያለ ሾጣጣ ተራራ ይመስላል፤ አናቱ ላይ ያለው የእስጢፋኖስ ገዳም የዐፄ ፋሲል አስከሬን ያረፈበት ነው። ሴቶች አይገቡም። ለእነሱ ደቅ ላይ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ አለች። ሥዕሎቿን ላየ ሰው ዳጋ ባይወጣም አይቆጭም።

ታሪክ ለሚወድ ደቅ ይሻላል። እንስሳና ወፍ ለሚፈልግ፣ በተለይ ልጆች ይዞ ለሚሄድ፣ እኔ ዘጌን እላለሁ። ብቻ በጠዋት፣ 12 ሰዓት ላይ ተነሡ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ሞገዱ ያለብሳል።