የአባባን ድምፅ የያዘችው የ650 ብር ማይክ

ማይኳን የገዛናት እዚሁ ድሬዳዋ፣ ታይዋን ከሚባለው ገበያ ነው። ሻጩ ከ800 ብር ጀመረ፤ ጓደኛዬ ዋጋ ክርክር ላይ ስለማትበገር 650 ላይ ተስማሙ። ኮሌታ ላይ የምትሰካ፣ ጥቁር ስፖንጅ ያጠለቀች፣ ብራንድ ያልተጻፈባት ትንሽ ማይክ ናት። ለአራት ስላዋጣን በነፍስ ወከፍ 163 ብር እንኳ አልሞላም።

ነገሩ የመጣው ከአማርኛ መምህራችን ነው። የ11ኛ ክፍል የቡድን ሥራችሁ ፖድካስት ይሁን አሉን፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ ስለ ድሬዳዋ፣ የሰው ድምፅ ያለበት። እኛ ምድር ባቡርን መረጥን። አባባ የምላቸው አያቴ ዕድሜያቸውን የጨረሱት እዚያው ጥገና ክፍል ስለሆነ ሌላ ሰው መፈለግ አላስፈለገንም።

መጀመሪያ ማይክ አልነበረንም። ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ መቅዳት ስጀምር አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ቀጥ ብለው ተቀመጡና ዓይናቸውን ስልኩ ላይ ተከሉ። ከዚያ ንግግር አደረጉ። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬ የደረሰው በ1895 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም.፣ ሐዲዱ በጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር፣ ተራራው ስላስቸገረ ሐረርን ትቶ በቆላው መሄዱ፣ ድሬዳዋም በዚሁ ምክንያት መቆርቆሯ። ሁሉም ልክ ነው። ግን ይህን ከመጽሐፍም እናገኘዋለን። ቤት ውስጥ ቡና ሲጠጡ የሚያወሩት ሰውዬ አልነበሩም።

ማይኳን ሰክተንላቸው ስልኩን ከጎናቸው ትራስ ሥር ስናስቀምጠው ግን የሚያዩት ነገር አጡና እኔን አዩኝ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ማይኩን ረሱት። እጃቸው መንቀሳቀስ ጀመረ። በወጣትነታቸው ፉርጎ ጣቢያ ሲገባ እጀታው ረጅም የሆነ መዶሻ ይዘው ጎማውን፣ የብረቱን ማለቴ ነው፣ አንድ በአንድ መታ እያደረጉ ያልፉ እንደነበር ነገሩኝ። ደህናው ብረት ጥርት ብሎ ይጮሃል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። «ሌሊት ነው፣ ፋኖስ ይዘሻል፤ ስንጥቁን አታዪውም፣ ትሰሚዋለሽ እንጂ» አሉኝ። ይህን ይዘውት አሥራ ሰባት ዓመት አብሬያቸው ስኖር አንድ ቀን ነግረውኝ አያውቁም። ለእኔ የማይኳ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። ድምፅ ማጥራቷ ሁለተኛ ነው።

ያም ሆኖ ድምፁም ጥሩ ነው። ከአፍ አንድ ስንዝር ዝቅ ብላ ስትሰካ የአባባ ድምፅ ሙሉ ሆኖ ይመጣል፤ ትንፋሻቸውና የጥርሳቸው ክፍተት ሳይቀር ይሰማል። አሰካኩ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። አባባ ቤት ውስጥ በሽርጥና በካናቴራ ስለሚቀመጡ የምንሰካበት ኮሌታ የለም። የካናቴራው አንገት ላይ ስናደርጋት ማተባቸው ላይ ያለችው መስቀል እየነካቻት ቀጭ ቀጭ አለች። በመጨረሻ የጥጥ ሸሚዝ አስለበስናቸው። ፖሊስተር አይሆንም፤ በተንቀሳቀሱ ቁጥር ይንኮሻኮሻል፣ ያም እንዳለ ይቀረጻል።

ሌላው ችግር ከየአቅጣጫው መስማቷ ነው። ጀርባዋንም ጎኗንም አትለይም። ድሬ ላይ ይህ ማለት ቬንትሌተር ማጥፋት ማለት ነው፤ በግንቦት ቬንትሌተር አጥፍቶ መቀመጥ ምን እንደሆነ እዚህ ያደገ ያውቀዋል። መጀመሪያ በስድስት ሰዓት ሞከርን። የጣሪያው ቆርቆሮ በፀሐይ ሲግል ጧ ጧ ይላል፣ ያም ገባ። ከዚያ በኋላ ጠዋት በአንድ ሰዓት፣ ጊቢው ውስጥ ካለው ኒም ዛፍ ሥር አደረግነው። ነፋስ የለም፣ አባባም ድካም ሳይሰማቸው ያወራሉ።

አሁን የሚቆጨኝን ልናገር። ከሁሉም የረዘመው ቅጂያችን፣ 40 ደቂቃ፣ ባዶ ነው። የስልኬ ከቨር ወፍራም ስለነበር የማይኩ ጃክ ጠልቆ አልገባም። እኔ ደግሞ በኢርፎን ሰምቼ ሳላረጋግጥ ነው የጀመርኩት። አባባ ሳይከፋቸው ደግመው አወሩልኝ፤ ግን ስለሞተ የሥራ ጓደኛቸው ሲያወሩ መጀመሪያ ላይ የነበረው ዝምታ ሁለተኛው ላይ የለም። ስለዚህ የምትገዙ ካላችሁ ሱቁ ውስጥ ከቨራችሁን አውልቁ፣ ሰኩ፣ ስማችሁን ተናግራችሁ ቅዱ፣ መልሳችሁ ስሙ፣ ከዚያ ክፈሉ። ጃኩ ላይ ያሉትን ጥቁር ቀለበቶችም ቁጠሩ፤ ሦስት ከሆኑ ለስልክ የተሠራ ነው፣ ሁለት ከሆኑ ለካሜራ። የኢርፎን ቀዳዳ የሌለው ስልክ ያላችሁ ደግሞ ማገናኛ ሳይዛችሁ አትሂዱ።

አንዲት ማይክ ለሁለት ሰው አትበቃም። የእኔ ጥያቄዎች ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጡ ይመስላሉ። ከቡድናችን አንዱ ጥያቄዎቹን ብቻ እንደገና ቅጂና እናስገባቸው አለ። አልተስማማሁም። አባባ የመለሱት ያኔ ለጠየቅኋቸው ነው፤ በሌላ ቀን፣ በሌላ ስሜት የተናገርኩትን ከፊቱ መለጠፍ ልክ አልመሰለኝም። ጥያቄዎቹን ቆርጠን በመካከሉ የእኔን ትረካ አስገባን። ትረካውን የቀዳሁት ቁም ሳጥን ከፍቼ፣ ልብሱ መሃል ጭንቅላቴን አስገብቼ ነው። ልብሱ ማስተጋባቱን ይውጠዋል፤ ባዶ ክፍል ውስጥ ከቀዳሁት ጋር ሳስተያየው ልዩነቱ የሌላ ማይክ ያህል ነው።

ለማቀናበር የተጠቀምነው ኦዳሲቲ የሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው፣ የተጻፈበት ኮድ ለሁሉም ክፍት ነው፣ አሜሪካ ባለው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተጀምሮ ለሕዝብ የወጣው በ1992 ዓ.ም. ነው፤ እኔ ከመወለዴ በፊት ማለት ነው። በአጎቴ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ያለምንም ችግር ሠርቷል። የድምፁን ሞገድ እያያችሁ እንደ ጽሑፍ ትቆርጣላችሁ፣ ትለጥፋላችሁ። ኖይዝ ሪዳክሽን (ጫጫታ መቀነሻ) የሚለውን ለመጠቀም ማንም ሳይናገር ክፍሉን ብቻ አሥር ሰከንድ ቅዱ፤ ፕሮግራሙ ያንን ዝምታ እንደ ናሙና ወስዶ ከሌላው ላይ ይቀንሰዋል። ታዲያ በልክ ነው። እኔ ደስ ብሎኝ ደጋግሜ ስጫነው አባባ ውሃ ውስጥ ሆነው የሚናገሩ መሰሉ። መለስኩትና አንዴ ብቻ አደረግሁት። ከሩቅ የምታልፈውን ባጃጅና የእርግቦቹን ድምፅ ሆን ብዬ ተውኳቸው፤ አድማጩ ድሬ መሆኑን ከእነሱ ያውቃል።

መጠኑን ለሚጠይቅ፦ ጥሬውን በዌቭ፣ ማለትም ባልታመቀ የድምፅ ፋይል፣ ስንቀዳ በሞኖ (በአንድ የድምፅ መስመር) በደቂቃ 5 ሜጋ ባይት ገደማ ይይዛል፣ ስልካችሁ ላይ ቦታ አስለቅቁ። ተጠናቆ በኤምፒስሪ ሲወጣ 12 ደቂቃ ከ40 ሰከንዱ 6 ሜጋ ባይት ብቻ ሆነ፤ በቴሌግራም ለክፍሉ ሁሉ ላክነው።

ማይኳ ከሁለት ወር በኋላ መቆንጠጫዋ ተሰበረ። አሁን በልብስ መስቀያ ቆንጣጭ ነው የምንይዛት፤ ድምፁ አልተለወጠም። ለአንድ ሰው ቃለ መጠይቅ፣ በተለይ ለትልቅ ሰው፣ ያለማመንታት ግዙ እላለሁ። ለአራት ሰው ውይይት ከሆነ ብራችሁን አስቀምጡ።

አባባ ሥራውን በኢርፎን እስከ መጨረሻው ሰሙ። ስለ መዶሻው ያወሩበት ቦታ ላይ በከዘራቸው የወንበሩን እግር መታ መታ አድርገው ያሳዩኝ ነበር፤ ያንን ሳንቆርጥ ትተነዋል። እዚያ ሲደርሱ አንዱን ኢርፎን ከጆሯቸው አወጡ። «ይሄ እንጨት ነው፣ አይሆንም። ብረት አምጪና በደንብ እናሰማቸው» አሉኝ። ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ሰዓት ኒሙ ሥር ተቀጣጥረናል፤ ብረቱን ጓደኛዬ ከአባቷ ጋራዥ ታመጣለች።