ልደታ ላሉት መምህርት ምስጋና፣ ማስተማር ለምትጀምሩም ጥቆማ

የማመሰግናቸው ሰው ስማቸው እንዲጻፍ አልፈቀዱም። «ምስጋና ካለህ ልጆቹ ዘንድ ውሰደው» ብለው ዘጉኝ። ስለዚህ ሠፈሩ እንደሚጠራቸው «መምህርት» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ሙያዬ ሒሳብ አያያዝ ነው። ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ ከትምህርት ገበታ ርቀው ለቆዩ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ንባብና ሒሳብ ለማስተማር በበጎ ፈቃድ ገባሁ። አንዳንዶቹ ሶፍትና ማስቲካ ይሸጣሉ፤ አንዳንዶቹ እናታቸው የጋገረችውን እንጀራ ለደንበኛ ያደርሳሉ። ከመጀመሬ በፊት ስሙን የማልጠራው አንድ ማሠልጠኛ ከፍዬ ሁለት ቀን ሠልጥኜ ነበር። ምሳው ጥሩ ነበር፤ የምስክር ወረቀቱም ወፍራም ነው። ክፍል ስገባ ግን 26 ልጅ አፍጥጦ አየኝ፣ እኔም አፍጥጬ አየኋቸው። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ የመጡት 14 ብቻ ነበሩ።

ወደ መምህርት የመራችኝ ከልጆቹ የአንዷ እናት ናት። ምናልባት አዝናልኝ ይሆናል።

መምህርት ጡረታ እስኪወጡ አንደኛ ክፍልን ነው ያስተማሩት። ጠመኔ የጨበጡት ግን ከዚያ በፊት ነው፤ በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ገና ተማሪ ሳሉ፣ በቀበሌ አዳራሽ እናታቸውን የሚያህሉ ሴቶችን ፊደል አስቆጥረዋል። ያ ዘመቻ ኋላ በ15 ቋንቋዎች የተካሄደውና ከዩኔስኮ ሽልማት ያገኘው ነው። እሳቸው ስለ ሽልማቱ አያወሩም። «ሴቶቹ ሲሰለቻቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ይወጡ ነበር፤ ልጅ ግን ሲሰለቸው መውጫ የለውም፣ ተቀምጦ ይጠፋብሃል» ይላሉ። የእኔዎቹ ልጆች መውጫውን አግኝተውት እንደነበር አልነገርኳቸውም።

አሁን ልደታ አካባቢ በአንድ ዕድር አዳራሽ የሠፈር ልጆችን ያስተምራሉ፤ ማስተማር መማር የምንፈልግ ደግሞ ከኋላ እንቀመጣለን። የመጀመሪያው ቀን እንድናገር አልፈቀዱልኝም። «አንድ ልጅ ምረጥና እሱን ብቻ ተከተል» ብለው አጭር አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝ፤ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም አልቀረው።

የመረጥኩት ልጅ ፊደል ገበታውን ከሀ እስከ ፐ በዜማ ለቀቀው። ጎበዝ ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። መምህርት በስንጥር መካከል ላይ ያለችውን ቄ ሲነኩ ግን ልጁ ዝም አለ። ከዚያ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ከመጀመሪያው ተነሣ፤ ቀ፣ ቁ፣ ቂ፣ ቃ... ቄ! መምህርት ወደ እኔ ዞር ብለው «ዘፈኑን ነው የሚያውቀው» አሉኝ። የኔታዎች ከሀሁ ቀጥለው አቡጊዳን የሚያስቆጥሩት ለዚህ ነው አሉ፤ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ እያለ ተራው ሲናጋ ልጁ በዜማ ማምለጥ አይችልም። እኔም በልጅነቴ አቡጊዳን ቆጥሬያለሁ። ለምን እንደቆጠርኩ የገባኝ በ31 ዓመቴ፣ ያ አግዳሚ ላይ ነው።

33ቱ ፊደላት በሰባት በሰባት 231 ይሆናሉ። መምህርት ሁሉንም በፓስታ ካርቶን ላይ ጽፈው ቆራርጠዋቸዋል፤ ልጆቹ እንደ ካርታ ይጫወቱባቸዋል። ተና ቸን፣ ጠና ጨን በአንድ ሳምንት አያስተምሩም። አንዱ ሳይደላደል መንትያው ከመጣ ሁለቱም ይጠፋሉ ባይ ናቸው።

ከዚያ የትምህርት ዕቅዴን ጠየቁኝ። አራት ገጽ ነበር፤ ዓላማ፣ ዝርዝር ዓላማ፣ የዝርዝር ዓላማ ዝርዝር። አነበቡትና «ልጆቹ እርሳስ የሚይዙት በስንተኛው ደቂቃ ላይ ነው?» አሉ። ቆጠርኩ። ከ40 ደቂቃ ውስጥ በ31ኛው ነው። ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ፤ ሌላ ነገር አልተናገሩም።

ሰሌዳ ላይ እንዳይጮኽብኝ ጠመኔውን ለሁለት መስበር፣ ስጽፍ ጀርባ ሳልሰጥ ጎን ለጎን መቆም፣ እነዚህን ያሳዩኝ በአንድ ጠዋት ነው። መቀነስ አይገባውም ያልኩትን ሶፍት ሻጭ ልጅ ደግሞ «ከመቶ ብር ላይ ሠላሳ አምስት ብትሸጥልኝ መልሴ ስንት ነው?» ብለው ጠየቁት። አፋቸውን ሳይዘጉ መለሰ። ሰሌዳው ላይ ያንኑ ጻፍኩለት።

አንድ ነገር ሲያወሩ ግን ድምፃቸው ዝቅ ይላል። አሁን በከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለተማሪ ቁርስና ምሳ ይቀርባል። እሳቸው አንደኛ ክፍል ሲያስተምሩ ይህ አልነበረም፤ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ የሚያንቀላፋውን ልጅ ሰነፍ ብለው ያቆሙት እንደነበር ነገሩኝ። የእኔዎቹ ቅዳሜ ስለሚመጡ ያ ማዕድ አይደርሳቸውም። ከዚያን ቀን ወዲህ ዳቦና ሻይ ሳይቀርብ ፊደል አናነሣም።

የቤት ጉብኝቱንም እሳቸው ናቸው ያስያዙኝ። የመጀመሪያ ቀን ደብተር ይዞ መግባት የለም፣ አባት የት እንዳለ መጠየቅ የለም፣ ቡና ከቀረበ እስከ በረካ መቀመጥ ነው። በዚህ መንገድ መምጣት ካቆሙት 12 ልጆች 9ኙ ተመለሱ። ሦስቱን እስካሁን እየፈለግን ነው።

ልትሄዱ የምታስቡ ግን ይህን እወቁ። መምህርት ቁጡ ናቸው። ስልክ የሚነካካ ሠልጣኝ ያስወጣሉ፤ እኔ ሁለት ጊዜ ወጥቻለሁ፣ አንዱ ያለ ጥፋቴ ነው። የምስክር ወረቀት አይሰጡም። በመንግሥት ትምህርት ቤት መቀጠር የምትፈልጉ እንደ ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ባሉ ተቋማት መደበኛውን መንገድ ሂዱ፤ እሳቸውም የሚሉት ይህንኑ ነው። ተመርቃችሁ ክፍሉ ያስፈራችሁ ከሆናችሁ ግን እሳቸው ጋ ሂዱ።

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ በባቡር የምትመጡ ልደታ ወርዳችሁ ጥቂት በእግር ነው። አድራሻውን በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ እነግራለሁ። ክፍያ የለም፤ አንድ ፓኬት ጠመኔ ይዛችሁ ሂዱ። ነጩን። እኔ ባለ ቀለሙን ወስጄ «ልታስተምር ነው ልታስጌጥ?» ተብያለሁ።