ሮዝቪል «ፓይን ኮን»፦ የድሮ የአሜሪካ ሸክላ መሰብሰብ ለሚጀምር ይሆናል?

ይሆናል። ቡናማውን ከገዛችሁ። ፓይን ኮን («የጥድ ፍሬ» ማለት ነው) የሮዝቪል ሸክላ ፋብሪካ በጥድ ፍሬ ምስል ያስጌጣቸው ዕቃዎች ስም ነው፣ ቡናማም ሰማያዊም አለው።

የምኖረው ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ነው። ለሸክላ ወዳጅ ከዚህ የተሻለ ሰፈር የለም። በ70 ቁጥር ሀይዌይ ወደ ምሥራቅ አንድ ሰዓት ያህል ከነዳችሁ ዜንስቪል ትደርሳላችሁ። ከተማዋ ጥሩ የሸክላ አፈርም፣ ለእቶን የሚሆን የተፈጥሮ ጋዝም ነበራት። ሮዝቪልም፣ ዌለር የሚባለው ሌላ ሸክላ ሠሪ ድርጅትም እዚያ ትልልቅ ፋብሪካ ነበራቸው። ሮዝቪል በ1890 እዚያው ኦሃዮ፣ ስሙን በሰጠችው ትንሽ ከተማ ተመሠረተ። በኋላ ዜንስቪል ገባ፣ ስሙን ይዞ ቀረ፣ በ1954 ተዘጋ። ዕቃው ግን ዛሬም በየአንቲክ ሱቁ መደርደሪያ ላይ አለ።

«በሩክውድ ጀምሩ» የሚሉ አሉ። የሲንሲናቲው ሩክውድ ማሪያ ሎንግወርዝ ኒኮልስ በ1880 የመሠረተችው የሸክላ ፋብሪካ ነው። ውብ ነው፣ አልክድም። ዕድሜውንም አይደብቅም፦ ከ1887 ጀምሮ ሥሩ ባለው ማኅተም ላይ በየዓመቱ አንድ ነበልባል ይጨመር ነበር፣ በ1900 አሥራ አራት ደረሰ፣ ከዚያ ወዲህ ዓመቱ በሮማን ቁጥር ተጻፈ። ግን በሠዓሊ እጅ ተስለው የተፈረመባቸው ለጀማሪ ኪስ አይሆኑም። ቤት ውስጥ ኳስ የሚመታ ልጅ ካለማ ጭራሽ አታስቡት።

ፓይን ኮን የ1930ዎቹ ሥራ ነው፣ ዲዛይኑ የፍራንክ ፌሬል። የእኔው 7 ኢንች ቁመት ያለው የአበባ ማስቀመጫ ነው። ጆሮዎቹ የጥድ ቅርንጫፍ ይመስላሉ፣ ሆዱ ላይ የጥድ ፍሬና መርፌ ቅጠሎች ጎላ ብለው ወጥተዋል። ሻጩ 95 ዶላር ብሎ ጀመረ፣ በ80 ተስማማን።

አሁን ዋናው ነገር። ይህ ዕቃ በሞልድ (በቅርጽ ማውጫ) ነው የተሠራው። ስለዚህ አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ማስቀመጫዎች ጎን ለጎን ታገኛላችሁ። የአንዱ ፍሬ ቅርፊቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል። የሌላው ደብዝዞ እንደቀለጠ ሻማ ሆኗል። ብዙ ሻጮች ይህን ልዩነት ዋጋ ውስጥ አያስገቡትም፣ የሚያዩት ስብራት ብቻ ነው። እኔ ሥሩ ላይ ትንሽ ሸረፍ ያለውንና ምስሉ ጥርት ያለውን መረጥኩ። እንከን የለሹ ድብዝዝ እዚያው ይቀመጥ።

ስትገዙ እናቶቻችን ገበያ ላይ ጀበና ሲገዙ እንደሚያደርጉት በጣት ኳ ኳ አድርጉት። የተሰነጠቀ ከሆነ ድምፁ ይታፈናል። ከዚያ በከንፈሩና በጆሮዎቹ ዙሪያ ጥፍራችሁን አስኪዱ፣ ብዙ ጊዜ የሚሸረፈው እዚያ ነው። ትንሽ የዩቪ (የአልትራቫዮሌት ብርሃን) ባትሪ ያዙ፤ የተጠገነ ቦታ ጨለማ ውስጥ ከሌላው ለየት ብሎ ይታያል። ቅቡ (ላዩ ላይ ያለው አብረቅራቂ ሽፋን) ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጭን መሰነጣጠቅ ካያችሁ አትደንግጡ። ቅቡና ጭቃው እኩል ስለማይኮማተሩ የሚመጣ ነው፣ በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው።

ሐሰተኛውም አለ። በ1990ዎቹ ቻይና ውስጥ እየተሠራ ብዙ ገብቷል። ከሥሩ «ሮዝቪል» ይላል፣ «ዩ.ኤስ.ኤ.» ግን ብዙዎቹ ላይ የለም ወይም በጭንቅ ይነበባል። በዚህ ብቻ አትፍረዱ፤ ቀደም ባሉት እውነተኛ ሥራዎች ላይም ላይኖር ይችላል። ቀለሙን እዩ። የሐሰተኛው ድፍን ነው፣ ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው ቀስ ብሎ አይሸጋገርም። አንድ ሻጭ እንዲህ ያለውን «የአያቴ ነው» ብሎ ሊሸጥልኝ ሞከረ። አያቱ ሻንጋይ ነበሩ እንዴ?

ጉድለቱ? ውሃ ለመያዝ አያስተማምንም። በዚያ በቅቡ ቀጭን መሰነጣጠቅ ውሃው እየሰረገ ጠረጴዛ ያበላሻል። አበባ ካማራችሁ ውስጡ ብርጭቆ አስገቡ።

ሰማያዊው ከቡናማው ይበልጥ ያምራል፣ ዋጋውም ይበልጣል። ለመጀመሪያ ግዢ ግን ልዩነቱን የሚያህል ጥቅም አላየሁበትም። በዚያ ገንዘብ አንድ ጥርት ያለ ቡናማና ከዚያው ፋብሪካ «ፍሪዚያ» ከሚባለው የ1945 ሥራ አንድ ዕቃ አንድ ላይ መውሰድ ይቻላል።